የ35 ሰከንድ በጀት

አውሮራ ውስጥ እንደ ሃቫና ያለውን ሰፊ ጎዳና በእግሩ ለማቋረጥ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው፣ ሳያውቀው ከአንድ ቀመር ጋር ተፋጥጧል። የአሜሪካ የትራፊክ መብራቶች የሚተዳደሩበት ብሔራዊ መመሪያ፣ እግረኛ በሰከንድ 3.5 ጫማ፣ ማለትም 1.07 ሜትር ያህል ይራመዳል ብሎ ያስባል። ቀደም ሲል የሚታሰበው 4 ጫማ ነበር፤ በ2009 የወጣው እትም ዝቅ አደረገው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወርዱ 30 ሜትር የሆነ መንገድ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ የሚራመደው ነጭ ሰው ምስል በተለምዶ ቢያንስ ለ7 ሰከንድ ይበራል፤ ቀጥሎ ብርቱካንማው እጅ እየበራና እየጠፋ ከ28 ወደ ታች ይቆጥራል። ድምሩ 35 ሰከንድ ነው።

በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመድ አረጋዊ መብራቱ በበራበት ቅጽበት እግሩን ቢያነሣ፣ በ35ኛው ሰከንድ 28 ሜትር ሄዷል፤ ሁለት ሜትር ይቀረዋል። ይህ በአንድ ታጋሽ አሽከርካሪ መልካም ፈቃድ የሚታለፍ ርቀት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ እምቢ ብሎት ጠርዙ ላይ 5 ሰከንድ ቢያጠፋ ግን ሰዓቱ ሲያልቅ የሚገኘው 24ኛው ሜትር ላይ ነው። የቀረው ስድስት ሜትር የሁለት መኪና መስመር ያህል ወርድ አለው፤ በዚያ በኩል ያሉት መኪኖች ደግሞ አረንጓዴ በርቶላቸዋል። ሰውየው ፓርኪንሰን ያለበት ከሆነ፣ እነዚያ 5 ሰከንዶች በጡንቻ ድካም የጠፉ አይደሉም። እግሩ አቅም አለው። የጎደለው እግሩን ያለ ሐሳብ ያስነሣ የነበረው ነገር ነው።

ፓርኪንሰን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የእጅ መንቀጥቀጥን ነው። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ በ1817 በሽታውን በጽሑፍ ሲያስተዋውቅ የሰጠው ስም የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የሚል ነበር። መንቀጥቀጡ ለዓይን ቅርብ በመሆኑ ስሙን ወስዷል፤ የታማሚውን ኑሮ ከሥሩ የሚለውጠው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እግሩ አያስብም። እግሩ ይሄዳል፣ አፉ ያወራል፣ ዓይኑ የሱቅ መስኮት ያያል፣ ልቡ ስለ ቤት ኪራይ ይጨነቃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሆናል። ይህን ከሚያስችሉት ዋነኛው በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኘው፣ ባዛል ጋንግሊያ የሚባለው የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። የተለማመደውን እንቅስቃሴ የባለቤቱን ሐሳብ ሳይጠይቅ ለማካሄድ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ያስፈልገዋል። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የመጀመሪያው ምልክት ለሐኪም ዓይን በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ ብዙ ርቆ ሄዷል።

በ2010 ፒተር ሬድግሬቭና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የምርምር ቅኝት ለዚህ ሥርዓት ያለው ማብራሪያ ሰጥቷል። ዶፓሚን ቀድሞ የሚጎድለው ልማዳዊ እንቅስቃሴ ከሚመራበት የባዛል ጋንግሊያ ክፍል ነው፤ በዓላማና በውሳኔ የሚደረገው እንቅስቃሴ የሚመራበት ክፍል እስከ ቆይታ ድረስ ይተርፋል። ስለዚህ ታማሚው ቀድሞ በራሱ ይሄድ የነበረውን ነገር ሁሉ እየወሰነ ማካሄድ ይገደዳል። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ሲነገር፣ በነጻ ይገኝ ለነበረ ነገር ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። መራመድ፣ መዞር፣ ከወንበር መነሣት፣ ሸሚዝ መቆለፍ እያንዳንዳቸው ከአንድ ካዝና ይከፈላሉ፤ ካዝናው ትኩረት ነው፤ ትኩረት ደግሞ ለማንም ሰው ቢሆን ውስን ነው።

እርጅና ብቻውን ይህን ካዝና ያመነምናል። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ አጭር የስዊድን ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ በአረጋውያን መኖሪያ ከሚኖሩ 58 ሰዎች ጋር አብረው እየተራመዱ ወሬ ይጀምሩ ነበር፤ ሌላ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። ከ58ቱ 12ቱ መልስ ለመስጠት መራመዳቸውን አቆሙ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ውስጥ ከእነዚያ 12 ሰዎች 10ሩ ወድቀዋል። መቆማቸው በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለቱን ወጪ አብሮ መሸፈን ያቃተው ሰው ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። ያሳየው ነገር ካዝናው ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ነው።

ፓርኪንሰን በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። የኔዘርላንዱ የነርቭ ሐኪም ባስ ብሉምና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት፣ ጤነኛ ሰዎች ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጫንባቸው ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ሌላውን ሥራ ይተዋሉ። የፓርኪንሰን ታማሚዎች ግን ሁሉንም አብረው ለማስኬድ ይሞክራሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው አካላቸው ይሆናል። ገንዘቡ ሲያንሰው የቤት ኪራዩን ትቶ ድግሱን እንደሚደግስ ሰው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ ታማሚው ይህን መርጦ አለማድረጉ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው የአንጎል አሠራር ራሱ ተጎድቷል።

የሚያስገርመው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀበት፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር ያቃተው ሰው፣ ወለሉ ላይ አግድም የተሠመሩ መስመሮችን ሲያይ ብዙ ጊዜ ይራመዳል። የነርቭ ሐኪሙ ጄምስ ፐርደን ማርቲን ይህን በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸውታል። ጠፍጣፋ ወለል ላይ የማይንቀሳቀስ እግር ደረጃ ሲወጣ ሊቀልለው ይችላል። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ፣ በዓይን የሚመራ እንቅስቃሴ ከተጎዳው መንገድ በከፊል የተለየ መንገድ አለው የሚል ነው፤ ዒላማው ከውጭ ሲመጣ አንጎል ከውስጥ ማመንጨት አይጠበቅበትም። በ1999 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የመስመሮቹን ጥቅም የሚያመጣው መስመሮቹ በእርምጃ ጊዜ ወደ ሰውየው ሲፈስሱ መታየታቸው እንደሆነ አሳይተዋል፤ በሚቆራረጥ ብርሃን ያ ፍሰት ሲሰወር ጥቅሙም ጠፋ።

ከሁሉም በላይ ለፖሊሲ የሚጠቅመው ግን የአውስትራሊያዊቷ ሜግ ሞሪስና የባልደረቦቿ የ1996 ጥናት ነው። ታማሚዎቹ መስመር እየተከተሉ ሲራመዱ የእርምጃቸው ርዝመት ወደ ጤነኛ ሰው ርዝመት ተመለሰ። መስመር ሳይኖር ረጅም እርምጃ እንዲያስቡ ሲነገራቸውም ተመለሰ። ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸው ሐሳባቸው ሲከፈል ግን እርምጃቸው እንደገና አጠረ። ረጅሙን የመራመድ አቅም አላጡትም፤ በየእርምጃው መግዛት ነበረባቸው።

ዓይን ለእግር ምርኩዝ ሆነ ማለት ነው፤ ምርኩዙ ግን ራሱ ያረጃል። በዕድሜ የዓይን ሞራ ይመጣል፤ ደብዛዛ ጠርዝን ከወለሉ መለየት ይከብዳል፤ በጎን የሚመጣውን ነገር ለማስተዋል የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። የዓይን ሬቲና ዶፓሚን ስለሚጠቀም ፓርኪንሰን በራሱ የብርሃንና የጥላን ልዩነት የማየት ችሎታን ይቀንሳል፤ ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው የሚያደርገው ዝላይም ያጥራል። ቅርብና ሩቅ አብሮ የሚያሳየው መነጽር እንኳ ቁልቁል ሲታይበት የመንገድ ጠርዝን ያደበዝዛል። መስመሩም ፍቱን መድኃኒት አይደለም። በ2007 የታተመውና 153 ታማሚዎችን የያዘው የአውሮፓ ጥናት፣ በቤት ውስጥ በምልክት የታገዘ ልምምድ አካሄድን እንዳሻሻለ፣ ማሻሻሉ ግን መጠነኛ እንደነበረና ልምምዱ ሲቆም እየቀነሰ እንደሄደ አረጋግጧል። የሚያግዘው ነገር የሚያግዘው እያለ ብቻ ነው፤ እንደ መብራት ክፍያ በየወሩ የሚታሰብ ወጪ እንጂ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ይህን በኮሎራዶ ለማየት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሙከራዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው በከርት ፍሪድ መሪነት የተካሄደውና በ2001 ውጤቱ የታተመው ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል ያኔ ዴንቨር ውስጥ ነበር። 40 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ ከፅንስ የተወሰደ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋስ አንጎላቸው ውስጥ ተተከለ፤ የቀሩት የራስ ቅላቸው ብቻ ተበስቶ ምንም አልተተከለላቸውም። ሙከራው የታቀደበት ዋና መለኪያ ታማሚዎቹ ራሳቸው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚሰጡት ግምት ነበር፤ በዚህ መለኪያ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። በሐኪም በተለካው እንቅስቃሴ ዕድሜያቸው 60 ያልዘለለው ተሻሽለዋል፤ ከዚያ በላይ ያሉት አልተሻሻሉም። ከተተከለላቸው 15 በመቶ ያህሉ በኋላ ላይ መቆጣጠር የማይችሉት እንቅስቃሴ መጣባቸው። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲዋ ሲንቲያ ማክሬ ከባልደረቦቿ ጋር በ2004 ያሳተመችው ተከታይ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ ተተክሎልኛል ብለው ያመኑት ሰዎች፣ ቢተከልላቸውም ባይተከልላቸውም፣ የኑሮ ጥራታቸውን ከፍ አድርገው ገመገሙ።

ሁለተኛው ሙከራ ለመተረክ የሚያጓጓ ነገር የለውም። ዩኒቨርሲቲው አውሮራ ወደሚገኘው ወደ ቀድሞው የፊትዝሲመንስ ጦር ሆስፒታል ግቢ፣ ዛሬ አንሹትዝ ወደሚባለው ካምፓስ ከተዛወረ በኋላ፣ የፊዚዮቴራፒ ምሁሯ ማርጋሬት ሼንክማን ከፒትስበርግና ከኖርዝዌስተርን ተመራማሪዎች ጋር 128 ታማሚዎችን በትሬድሚል ላይ አወጣች። ሁሉም በሽታው ገና የጀመራቸውና መድኃኒት ያልጀመሩ ነበሩ። አንዱ ቡድን በሳምንት አራት ቀን ልቡ ከከፍተኛው ምቱ ከ80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ እንዲራመድ ታዘዘ፤ ሌላው በመካከለኛ ኃይል፤ ሦስተኛው ኑሮውን ቀጠለ። በስድስት ወር ውስጥ ኑሮውን የቀጠለው ቡድን በእንቅስቃሴ መለኪያው በአማካይ 3 ነጥብ ያህል ሲባባስ፣ በከፍተኛ ኃይል የተራመደው 0.3 ብቻ ተባባሰ። ይህ የመካከለኛ ደረጃ ሙከራ ነው፤ ለትልቁ ፈተና በር ከፈተ እንጂ ጉዳዩን አልዘጋውም።

ከዴንቨር በስተ ሰሜን ፎርት ኮሊንስ ባለው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ በ1996፣ ታማሚዎች በሙዚቃ ምት እየተመሩ ለሦስት ሳምንት ቤታቸው ቢለማመዱ ፍጥነታቸው 25 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። በመቋሚያ ምት የሚሸበሽብ አረጋዊ መርጌታ ያየ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። ጆሮም እንደ ዓይን ለእግር ዒላማ ይሰጣል።

ከእነዚህ ሙከራዎች መካከል የትኛው ጋዜጣ ላይ እንደወጣ መገመት አይከብድም። ሕዋስ ተከላው መደረጉ ተገቢ ነበር፤ በዕጣና በሐሰተኛ ቀዶ ሕክምና መፈተኑም ሳይንስ ራሱን እንዴት መቆጣጠር እንዳለበት ያስተማረ ነው። ግን የሕዝብ ምናብና የገንዘብ ፍሰት የሚሄደው በሽታውን ከሥሩ ይነቅላል ወደተባለው ነገር ነው። ፓርኪንሰን በ2017 የአሜሪካን ኢኮኖሚ 51.9 ቢሊዮን ዶላር እንዳስወጣ የተሠራው ጥናት፣ ከዚህ ግማሽ በላይ የሆነው፣ 26.5 ቢሊዮኑ፣ ከሐኪም ቤት ውጭ የሚወጣ መሆኑን አሳይቷል፤ የጠፋ ሥራ፣ የቀረ ደመወዝ፣ የአስታማሚ ጊዜ። ትኩረት በየቀኑ የሚባክነው በዚያ ግማሽ ውስጥ ነው፤ ማዳኛ እስኪገኝም ሰው በየቀኑ መንገድ ማቋረጥ አለበት።

ይህ ጉዳይ ለአውሮራና ለዴንቨር ኢትዮጵያውያን አሁን የሚነሣበት ምክንያት በቁጥር ቀላል ነው። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1980 ነው፤ ከደርግ ሸሽቶ በሱዳን በኩል የመጣው ትውልድ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ገባ። በ1985 የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው በ2025 65 ዓመት ሞልቶታል። ፓርኪንሰን ከ60 ዓመት በኋላ በፍጥነት እየበዛ የሚሄድ በሽታ ነው። ይህ ትውልድ ደግሞ የበሽታውን መልክ ከወላጆቹ አልተማረም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት የተጠናበትና በ1990 የታተመው ጥናት ያገኘው ከ100 ሺህ ሰው 7 ታማሚ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከበሽታው ጋር ይኖራል፤ ከ100 ሺህ ወደ 300 የሚጠጋ ማለት ነው። የልዩነቱ ትልቅ ክፍል ዕድሜ ነው፤ ያኔ የገጠር ኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነበር፤ የታመመውም ሕክምና ሳያገኝ ቶሎ ይሞት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ራሷ ታማሚ የሆነችው ክብራ ከበደ የታማሚዎች ድጋፍ ድርጅት እስክታቋቁም ድረስ ስለ በሽታው በአደባባይ የሚናገር እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ አውሮራ ያለ ቤተሰብ አባቱ እግሩን መጎተት ሲጀምር "አረጀ" ይላል፤ ፊቱ ስሜት ሲያጣ "ተቀየመ" ይላል።

ከዚህ ትውልድ ብዙዎቹ በመሪ ተዳድረዋል። በ2009 በ262 አሽከርካሪዎች ሥራ የጀመረው ዩኒየን ታክሲ የተባለው የዴንቨር ኅብረት ሥራ ማኅበር በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካውያን ነበር። መንዳት በዓይን የሚመራ እንቅስቃሴ ሁሉ ቁንጮ ነው፤ መስታወት፣ ምልክት፣ እግረኛ፣ ስልክ፣ ከኋላ የተቀመጠ ደንበኛ። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፓርኪንሰን ታማሚዎችን በእውነተኛ መንገድ ላይ ቁጥር እየደመሩ እንዲነዱ አድርገው ሲያጠኑ፣ ሐሳባቸው ሲከፈል ስሕተታቸው ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚበዛ አይተዋል። ታማሚው አንድ ቀን ቁልፉን ማስረከቡ አይቀርም፤ ማስረከቡም ትክክል ነው። ነገር ግን የዴንቨርና የአውሮራ ሰፈሮች የተሠሩት ለመኪና ነው። መንዳት ያቆመ ሰው እግረኛ የሚሆነው መራመድ እጅግ በከበደው ዕድሜ ላይ ነው፤ የሚራመድባቸው ጎዳናዎችም ራሱ በነዳበት ዘመን ለፍጥነቱ ሲባል የሰፉት ናቸው። የትራንስፖርት ዕቅድ ይህን ሽግግር እንደ አንድ ሰው የግል ዕጣ መቁጠሩ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ማንም ሰው ዕድሜ ከሰጠው የሚገባበት በር ነው።

በአውሮራ ይህን ካዝና የሚያራቁት ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋ። አማርኛ በከተማዋ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በስፋት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአርባ ዓመት የለመዱት እንግሊዝኛ ለታክሲ፣ ለባንክና ለፓርኪንግ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለብዙ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ መቼም ሙሉ በሙሉ ያለ ሐሳብ አይነገርም። መራመድ ትኩረት የሚያስከፍለው ሰው፣ በኮሪደሩ ላይ እየተራመደ የፊዚዮቴራፒስቷን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዚያ ሁኔታ የተለካው አካሄዱ የበሽታውን ደረጃ ብቻ የሚያሳይ አይደለም፤ የትርጉም ሥራውም አብሮ ተለክቷል። የፌዴራል ሕግ፣ በጤና ሽፋን ሕጉ ክፍል 1557፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የጤና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ከአደጋ ጊዜ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግንም ይከለክላል። ብዙ አረጋውያን ግን "እንግሊዝኛ እችላለሁ" ብለው አስተርጓሚውን ይመልሳሉ፤ አለመቻልን መናገር ስለሚያሳፍር። አስተርጓሚ መጠየቅ ቋንቋ ካለማወቅ ጋር ባይያያዝና እንደ ምርኩዝ ቢቆጠር፣ ክሊኒኮቹም እንደዚያ አድርገው ቢያቀርቡት፣ ዋጋው ኢምንት ነው።

ቤተሰብም ሳያውቅ ግብር ይሰበስባል። አባት በር ላይ እግሩ ቀጥ ሲል፣ ልጅ "አባዬ፣ ና፣ ቀስ በል፣ ግራህን አንሣ፣ እኔን ያዝ" እያለ በፍቅር ያጣድፈዋል። በሩ ጠባብ መሆኑ ራሱ ለዓይን የሚያውክ ነገር ነው፤ ብዙ ታማሚዎች የሚቆሙት በር ላይ ነው። እያንዳንዱ ቃል ደግሞ ከቀረችው ትኩረት ላይ ይቀንሳል። ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያስተምሩት ተቃራኒውን ነው፤ ዝም ማለት፣ መቆም፣ መተንፈስ፣ ክብደትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ ከዚያ አንድ ረጅም እርምጃ። በደጃፉ ወለል ላይ የተለጠፈ ባለ ቀለም ፕላስተር አንዳንዴ ከሦስት ልጆች ምክር የበለጠ ይሠራል። ሰላምታው ረጅም በሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ "እንዴት ነዎት፣ ልጆች እንዴት ናቸው" የሚል አሥር ሰው እየተከተለ የሚወርድ ሽማግሌ፣ የስዊድኑን ጥናት በየእሑዱ ይደግመዋል።

ልምምዱ መቀጠል ካለበት ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በወረቀት ላይ በከፊል ተመልሷል። ሜዲኬር ለረጅም ጊዜ በተግባር የሚመራው፣ ታካሚው የማይሻሻል ከሆነ ሕክምናው ይቆማል በሚል አስተሳሰብ ነበር። በ2013 የጸደቀው ጂሞ በሴቤሊየስ ላይ በተባለው ክስ የተደረገ ስምምነት፣ የባለሙያ እጅ እስካስፈለገ ድረስ ያለውን አቅም ለመጠበቅ ወይም መባባሱን ለማዘግየት የሚሰጥ ሕክምናም እንደሚሸፈን አረጋገጠ። ሐኪም ቤቶች ይህን በበቂ ባለማወቃቸው ጉዳዩ እንደገና ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2017 ተጨማሪ የማስረዳት ሥራ ታዟል። ከፓርኪንሰን የበለጠ ለዚህ ስምምነት የሚስማማ በሽታ ማግኘት ይከብዳል፤ አለመባባስ ትልቅ ትርፍ የሆነበት በሽታ ነውና። ሆኖም መብቱን ያላወቀ አረጋዊ "ከእንግዲህ መሻሻል የለህም" ሲባል አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በልጆቻቸው ጥሪ ዘግይተው የመጡ ወላጆች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ስላልሠሩ የሜዲኬርን የሆስፒታል ሽፋን በነጻ አያገኙም፤ ቋሚ ነዋሪ ሆነው አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ በክፍያ መግዛት ይችላሉ። የኮሎራዶ ሜዲኬይድ ለሚያሟሉት፣ ታማሚው ራሱ ተንከባካቢውን የሚቀጥርበት ፕሮግራም አለው፤ የሚቀጠረውም የቤተሰብ አባል ሊሆን ይችላል። በነጻ ትሰጥ የነበረችው የልጅ ትኩረት ዋጋ እንዳላት መንግሥት ያመነበት አንድ ቦታ ይህ ነው።

ወደ 35 ሰከንዱ ስንመለስ፣ ሰከንድ መጨመር ነጻ አይደለም። በተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ላይ በየዙሩ 8 ሰከንድ መጨመር በመቶዎች የሚቆጠሩ አሽከርካሪዎችን፣ አውቶቡስ ውስጥ ያሉትንም ጭምር ያስቆማል፤ ይህን ወጪ አሳንሶ ማቅረብ ክርክሩን አይጠቅምም። ግን የሁለቱ ወገን ወጪ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሽከርካሪው ብዙ ሆኖ የተበታተነ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽና የሚቀለበስ ነው፤ የእግረኛው በአንድ ሰው ላይ የተከመረ፣ ከተፈጸመ የማይቀለበስ ነው። በተጨማሪም የፈራ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ያልወጣ ሰው አይራመድም፤ ያልተራመደ ሰው ከሼንክማን ሦስት ቡድኖች መካከል ኑሮውን በቀጠለው ውስጥ ነው። ይህ ወጪ በትራፊክ ቆጠራ ላይ አይታይም፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው መንገዱ ላይ የተገኘውን ብቻ ነው።

ሰከንዱን በየዙሩ ለሁሉም መጨመርም ግድ አይደለም። ያው ብሔራዊ መመሪያ ዘገምተኛ እግረኞች አዘውትረው በሚያቋርጡበት ቦታ ከ3.5 ጫማ ያነሰ ፍጥነት ሊታሰብ እንደሚገባ ይናገራል፤ ቁልፉን ረዘም አድርጎ ለተጫነው ሰው ብቻ ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጥ አሠራርንም ይፈቅዳል። ጉዳዩ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ክሊኒክ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ባለባቸው መስቀለኛ መንገዶች ላይ ማን እንደሚራመድ መጠየቅን ይፈልጋል።

ዴንቨር በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወስዳለች። በኅዳር 2022 መራጮች የእግረኛ መንገድ ግንባታና ጥገናን ከቤት ባለቤቶች ወደ ከተማው የሚያዛውር ሕግ አጸደቁ፤ ክፍያው በ2025 መሰብሰብ ጀምሯል። የተሰነጠቀ ወለል ጤነኛውን ሰው ያደናቅፋል፤ በየእርምጃው ለሚከፍል ሰው ደግሞ ሌላ ነገር እንዳያይ ዓይኑን መሬት ላይ ይሰቅለዋል። በረዶ መጥረግ ግን አሁንም የየቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው፤ በጥር ወር በጥላ ያለ አንድ ያልተጠረገ ደጃፍ ሙሉውን መንገድ ከንቱ ያደርጋል።

ትልቁ ዕድል ያለው ኮልፋክስ ላይ ነው። በምሥራቅ ኮልፋክስ የፈጣን አውቶቡስ መስመር ግንባታ በ2024 ጥቅምት ተጀምሯል። በዴንቨር በኩል፣ ከብሮድዌይ እስከ ዮሰሚቲ፣ አውቶቡሶቹ የሚሄዱት በጎዳናው መካከል ነው፤ አውሮራ ውስጥ በጠርዝ ይሄዳሉ። መካከል ላይ ያለ ፌርማታ ማለት የሚሳፈር ሁሉ፣ ምርኩዝ የያዘውም ጭምር፣ መኪና የሚያልፍበትን መስመር ማቋረጥ አለበት ማለት ነው። በሌላ በኩል ርቀቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን አቋርጦ የሚቆምበት ስፍራም ይሰጠዋል። የፌርማታው ጠርዝ ቀለም ከአስፋልቱ በግልጽ ይለይ እንደሆነ፣ ማቋረጫው በሰፊ አግድም መስመሮች ይሠመር እንደሆነ፣ የሚጫነው ቁልፍ ረጅሙን ጭነት ያውቅ እንደሆነ የሚወሰነው በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ ነው። መስመሩ ሥራ እንዲጀምር የታሰበው በ2027 ነው።